አባ ቅልጥም በሁዳዴ

ቀለመወርቅ የሁለት ሴት ልጆቹን ስም ለሚስቱ ትቶላት ነበር። የቢላዋውን ስም ግን ማንንም ሳያማክር ራሱ አወጣ። «አባ ቅልጥም» አለው።

ቢላዋ መባሉም ለትሕትና ነው። ከአይሱዙ የኋላ ባሌስትራ ላይ ተቆርጦ፣ አየር ጤና ባለው ጋራዡ ጓሮ በከሰል ፍም ግሎ፣ ሦስት ቀን ተቀጥቅጦ የወጣ ጉድ ነው። ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ለክተውት ገና አንድ ስንዝር ይተርፋል። ጀርባው የአውራ ጣት ውፍረት አለው። እጀታው የወይራ እንጨት ሲሆን በሦስት ቡሎን ተጠርንፏል። ሚስቱ ማራኪ መጀመሪያ ያየችው ቀን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣

«በዚህ ሽንኩርት ልትከትፍልኝ ነው ወይስ አገር ልትወር?» አለችው።

ሽንኩርትም አገርም አልነበረም። ነገሩ የፋሲካ ቅርጫ ነበር።

ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ጀርባ ያሉ አሥራ ስድስት አባወራዎች በየፋሲካው አንድ በሬ አርደው ይካፈላሉ። ቆዳ የሚገፍፍ አለ፣ ሥጋውን የሚመድብ አለ፣ ዕጣ የሚያወጣ አለ። አጥንት የሚሰብረው ግን ለአሥራ አንድ ዓመት ቀለመወርቅ ብቻ ነበር። ያን ቀን ወንዶቹ ክብ ሠርተው፣ ሴቶቹ በመስኮት ብቅ ብለው ያዩታል። አንድ ሲመታ «እሰይ!» የሚል አይጠፋም። እንግዲህ የሰው መኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ የሚውል ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው፤ ሙሉ ሰውነቱ የሚታይበት አንድ ቀን ቢኖረው አይፈረድበትም።

ያለፈው ፋሲካ ግን አዋረደው። መጥረቢያው በሁለተኛው ምት ከእጀታው ወልቆ ጎረቤት ጣሪያ ላይ አረፈ። በተውሶ መጥረቢያ ቀጠለ፤ ከእሱስ ዶማ ይሻል ነበር። አጥንቱ ከመሰበር ይልቅ ደቀቀ። ያን ሳምንት የሰፈሩ ሰው ቅቅሉን እንደ ዓሣ ስብርባሪ እየለቀመ በላ፤ ከሁሉም ከሁሉም የጉልላት መንጋጋ ጥርስ ተሸረፈ።

ጉልላት ማዞሪያው ላይ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው አናጢ ነው፤ የቀለመወርቅም የልጅነት ጓደኛ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳቅ በመጣበት ቁጥር አፉን እስከ ጥግ ከፍቶ ያቺን ጥርስ ያሳያል። የሁዳዴ ዋዜማ፣ የቅርጫው አባላት ሲሰበሰቡ ተነሥቶ፣

«ዘንድሮ አጥንቱን እኔ ልቁረጥ። ሙያዬ መቁረጥ ነው። የዚህ ሰውዬ ሙያ ዘይት መቀየር ነው» አለ።

ቀለመወርቅ ደሙ ፈላ። አዲስ መሣሪያ እንዳለው፣ መሣሪያውም አጥንትን እንደ ቅቤ እንደሚያልፍ ተናገረ።

የቅርጫው ሰብሳቢ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ጡረታ ቢወጡም ፍርድ ቤቱ ከእሳቸው አልወጣም። ጉሮሯቸውን ጠርገው እንዲህ አሉ፦

«የሁለቱም ወገን ቃል ተሰምቷል። መሣሪያው ይፈተን። አንድ ግንድ በሦስት ምት ከቆረጠ አጥንቱ የቀለመወርቅ ነው። ካልቆረጠ የጉልላት ነው። አራተኛ ምት የለም፤ ይግባኝም የለም።»

«ጋሽ ሰይፉ፣ በአጥንት ቢፈተን አይሻልም?» አለ ቀለመወርቅ።

«ነገ ሁዳዴ ነው። አጥንት ከየት ልታመጣ? ቢገኝስ የጾም ቀን አጥንት ስትቀጠቅጥ ሰው ምን ይልሃል? ጫካ ውጣና እንጨት ምታ።»

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስቱ ሰዎች ወደ ሳንሱሲ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ከሳንሱሲ ወደ ላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ለጉልላት አጠና የሚሸጡለት እትዬ ጫልቱ የባሕር ዛፍ ደን አላቸው። አባ ቅልጥም በማራኪ ጋቢ ተጠቅልሎ በቀለመወርቅ ጭን ላይ ተጋድሟል፤ ጫፉ የጉልላት ጭን ላይ ይደርሳል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ አየው።

«ፋዘር፣ ይሄ ነገር ወንበር እየያዘ ነው። ምንድነው?»

እውነቱን ቢናገር ሚኒባሱ ባንድ አፍታ ባዶ ይቀራል። ቀለመወርቅ አፉ ላይ የመጣለትን ወረወረ።

«ክራር ነው።»

ከፊት ወንበር ነጠላ ያጣፉ እናት ቀስ ብለው ዞሩ።

«በሁዳዴ ክራር?»

ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አዞረ።

«ሰው በገና ይዞ ወደ አምላኩ በሚጮህበት ጊዜ ክራር! ስንት ዓመትህ ነው ልጄ?»

«ሃምሳ ሁለት።»

«ታዲያ መቼ ልትተወው ነው?»

«እኛም እየመከርነው ነው እማማ» አለ ጉልላት፣ ያዘነ መስሎ። «ሌት ተቀን መጠጥ ቤት ነው። ዛሬ ጫካ ወስደን ልናስተወው ነው።»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ሐሰተኛ ምስክርነት ስለማይወዱ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እናትየዋ ግን እንባ ቀረሽ ሆነው የክርስትና ስሙን ጠየቁት። ወልደ ገብርኤል መሆኑን በቀጭን ድምፅ ነገራቸው። ሲወርድም እጃቸውን በመስኮት አውጥተው፣ «በጸሎቴ አስብሃለሁ ወልደ ገብርኤል! ወርውረው ያንን ነገር!» እያሉ ሸኙት። ጉልላት እስከ ዳገቱ አጋማሽ ሲስቅ ወጣ፤ ጥርሷም አብራ ወጣች።

እትዬ ጫልቱ በራቸው ላይ ቆመው ነበር የጠበቋቸው። አጭር፣ ፈጣን፣ ሲናገሩ እጃቸው ከአፋቸው የሚቀድም ሴት ናቸው። ጉዳዩ ሲነገራቸው ቢላዋውን ከጫፍ እስከ እጀታ አዩትና፣

«እሺ። የቆመውን ዛፍ እንዳትነኩብኝ። የወደቀውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት። ብቻ ከላይ በኩል ያለችውን—» ሲሉ ቀለመወርቅ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ!» ብሎ ወደ ደኑ ገብቶ ነበር። ሰው ቢላዋ ሲይዝ ጆሮው ይደፈናል መሰለኝ።

ደኑ ውስጥ የወደቁ ግንዶች በየቦታው ነበሩ። ቀለመወርቅ መጀመሪያ ክንድ የምታህል፣ የተንጋደደች ግንድ አየ። እሷን ሦስት ጊዜ ቢመታት ያለቀላት ነበረች። ነገር ግን ጉልላት ከኋላው፣

«እሷ እንኳ ለሙቀጫ ዘነዘና ትሆናለች። ማራኪን ደስ ይላታል» አለ።

ቀለመወርቅ አለፋት። ወደ ላይ ወጣ። ከላይ በኩል አንዲት ግንድ ብቻዋን በሁለት ድንጋይ ላይ ተጋድማለች። የጎልማሳ ጭን ትሞላለች፤ ቀጥ ያለች፣ ልጧ ተልጦ እንደ ሎሚ የምታበራ ነች። ሰው እንዲህ ያለችን ግንድ ልጦ፣ ድንጋይ አስደግፎ የሚያስቀምጠው በምክንያት መሆኑን አንድ አናጢና አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ማሰብ ነበረባቸው። ግን አንዱ ጓደኛው ሲዋረድ ለማየት ቸኩሏል፤ ሌላኛው ደግሞ ቆጠራውን እንዳይስት ጣቶቹን እያዘጋጀ ነው።

«ይቺን!» አለ ቀለመወርቅ።

ጃኬቱን አወለቀ። እጁ ላይ እንትፍ አለ። በስመ አብ ብሎ አማተበ። አባ ቅልጥም ወደ ላይ ወጣ፤ ፀሐይዋ ስለቱ ላይ ብልጭ አለች፤ ከዚያ ወረደ።

ድምፁ ያምር ነበር፤ ማንም አይክድም። ወፎቹ ተነሡ። እታች የእትዬ ጫልቱ ውሻ ጮኸ። ቢላዋው የግንዷን ግማሽ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

«አንድ» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ።

ቀለመወርቅ በኩራት ጉልላትን አየና ለሁለተኛው ምት ቢላዋውን ሳበ። ቢላዋው አልመጣም። እንደገና ሳበ። ግንዷ ገና እርጥብ ስለነበረች ብረቱን እንደ ሕፃን ድድ ነክሳ ይዛዋለች። እግሩን ግንዷ ላይ አስደግፎ ሳበ። ወደ ግራ ወዘወዘ፤ ግንዷ አብራ ተወዘወዘች። በመጨረሻ እጀታውን ይዞ ወደ ኋላ ሲንጠለጠል እጁ አመለጠውና ቁጥቋጦ ውስጥ በጀርባው ገባ።

«ይሄኛውስ ይቆጠራል ጋሽ ሰይፉ?» ጠየቀ ጉልላት።

«ቢላዋው አልተነሣም። ያልተነሣ ምት አይቆጠርም።»

ጉልላት እየሳቀ መጥቶ ራሱ ሞከረ። ሳቁ ቀስ በቀስ ወደ ማቃሰት ተለወጠ። ቀለመወርቅ ጉልላትን ከወገቡ ይዞ ጎተተ፤ ጋሽ ሰይፈሥላሴም የዳኛ ነገር ይዟቸው ትንሽ ካመነቱ በኋላ የቀለመወርቅን ቀበቶ ይዘው ጎተቱ። ሦስቱም እንደ ገመድ ጉተታ ተያይዘው ሲያቃስቱ ግንዷ ከድንጋዮቹ ላይ ወርዳ ተገለበጠችና ሆዷን አሳየቻቸው።

ሆዷ ላይ በቀይ ቀለም የተሣለ ትልቅ መስቀል ነበር።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጉልላት እጁን ከእጀታው ላይ እንደ ትኩስ ድስት አነሣ። ያን ጊዜ እትዬ ጫልቱ እያለከለኩ ደረሱ።

«ያቺ የታቦት ናት ልላችሁ ስል ሮጣችሁ! ስለቴ ናት እኮ! ልጄ ከሕመሟ ስትነሣ ለደወሉ ቤት ምሰሶ ብዬ የተሳልኳት ናት! ስንት ግንድ ወድቆ እያለ?»

«እትዬ፣ እኔ መስቀሉን አላየሁም።» ቀለመወርቅ ጸጉሩ ላይ ቅጠል ተሰክቶ ቆመ።

«የማነው ይሄ ጎራዴ?»

«የእኔ ነው። ተነከሰብኝ።»

«በሽብልቅ ብንፈለቅቃትስ?» አለ ጉልላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለሁለት ትከፈልና ቢላዋው ይወጣል።»

እትዬ ጫልቱ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

«በል ፍለጣት። እኔ ግን ራቅ ብዬ ልቁም፤ መብረቅ አንዳንዴ ዒላማ ይስታል።»

ማንም አልፈለጠም።

«ጋሽ ሰይፉ፣ እንግዲያው ሌላ ግንድ ልምታ» አለ ቀለመወርቅ።

«በምንህ? ቢላዋህ ሥራ ላይ ነው» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ። ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉና ፍርዱን አሰሙ። «ፈተናው የዚህ ቢላዋና የዚህች ግንድ ነው። አንድ ምት ተቆጥሯል፣ ሁለት ይቀራል። ቢላዋው እስኪወጣ ችሎቱ ተቋርጧል። እስከ ፋሲካ ካልወጣ አጥንቱ የጉልላት ነው።»

ግንዷ በዚያው ቀን ቤተ ክርስቲያን መድረስ ነበረባት፤ አጥፊዎቹም ተሸካሚ ሆኑ። ቀለመወርቅ ከፊት፣ ጉልላት ከኋላ ሆነው አነሷት። ቢላዋው መሐል ላይ እንደ ዶሮ ኩክኒ ቆሟል። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ከጎን እየሄዱ «ቀስ፣ ድንጋይ አለ» ይላሉ።

«ይሄ ነገር ቁልቁለቱ ላይ ቢወልቅ የሚያገኘው እኔን ነው» አለ ጉልላት። «ጥርሴን በላህ፣ አሁን ጆሮዬን ልትጨምር?»

«ዝም ብለህ ተሸከም። በረከት አለው።»

«በረከቱ ላንተ፣ ስለቱ ለእኔ!»

ቤተ ክርስቲያኗ ገና በመሠራት ላይ ያለች ትንሽ ናት። የግቢዋ ጥበቃ አቶ ጉተማ ይባላሉ፤ ረጅም ካፖርት የለበሱ፣ ከማንም ጋር የማይጣሉ፣ ለማንም የማይሸነፉ ሰው ናቸው። ግንዷን ዞረው አዩ። ቢላዋውን በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጉ።

«ግንዷ ስለት ናት። እሱስ?»

«እሱ የእኔ ነው፣ አቶ ጉተማ። መጥረቢያ ቢያውሱኝ ከዳር ከዳር ጠርቤ ላውጣው።»

«አይሆንም። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አናጢ እስኪመጣ ብረት አይንካት ብለዋል አባ።»

«እኔ ቢላዋዬን የምፈልገው ለፋሲካ ነው!»

«እንጨት ሲደርቅ የያዘውን ይለቃል» አሉ አቶ ጉተማ በሰከነ ድምፅ። «እስከዚያ እሱም ይጹም።»

ቀለመወርቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋራዡን በስድስት ሰዓት እየዘጋ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ይወጣ ጀመር። ሁዳዴ ስለሆነ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፤ የሚገባውም የሚወጣውም ሰው ብዙ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። የእሱ ዓላማ ግን ግንዷን ፀሐይ ማስመታት ነበር። በግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ተጋድማ ያገኛታል። ግራ ቀኝ አይቶ፣ በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ ፀሐይ ላይ ያወጣታል። በማግሥቱ ሲመጣ ጥላ ሥር ነች።

አቶ ጉተማ ናቸው። ለምሰሶ የሚሆን እንጨት ፀሐይ ላይ በችኮላ ከደረቀ ይተረተራል፤ ጥላ ውስጥ በቀስታ መድረቅ አለበት። ስለዚህ እሱ ያወጣታል፣ እሳቸው ያስገቧታል። ሁለቱ ሰዎች በየቀኑ ይገናኛሉ፤ ስለ ግንዷ ግን አንድም ቀን አልተነጋገሩም።

«እንደምን ዋሉ አቶ ጉተማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»

«ደኅና። ፀሐዩ በረታ።»

«ጥላ አለ እኮ።»

«ጥላማ አለ።»

ይሰነባበታሉ። አንዱ ወደ ግንዷ ያያል፣ ሌላው አንዱን ያያል።

ቀለመወርቅ ቢላዋው ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ለማወቅ በየቀኑ ግንዷ አጠገብ ተንበርክኮ፣ መዳፉን አሳርፎ፣ በከንፈሩ እያንሾካሾከ ጣት ይቆጥራል። ከሩቅ ላየው ሰው የሚጸልይ ይመስላል። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ከኋላው ጠብቃ፣ እሱ ሲነሣ ግንዷን ተሳልማ አለፈች። በማግሥቱ ሦስት ሆኑ። ሊከለክላቸው ፈልጎ ምን ብሎ እንደሚጀምር ጠፋው። ወሬው ኮልፌ ድረስ ወረደ፤ አቶ ቀለመወርቅ በዚህ ሁዳዴ ተለውጠዋል፣ አንድ ቀን ቅዳሴ አያመልጣቸውም ተባለ። አንዱ ደንበኛው እንዲያውም ፍሬኑን ሊያሠራ መጥቶ በጸሎት እንዲያስበው ለምኖት ሄደ። የፍሬኑን ሁኔታ አይቶ እሱም አሰበው።

ማራኪ አንድ ማታ ራት አቅርባ ዝም ብላ ስታየው ቆየች።

«ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል። ባልሽ መነነ አሉኝ።»

ቀለመወርቅ ሽሮውን ትኩር ብሎ አየ።

«ቢላዋው እንዴት ነው?» አለችው።

«ሁለት ጣት ወጥቷል» አለ፣ ቀና ሳይል።

አምስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ቀን የበልግ ዝናብ ወረደ። ፀሐይ የለም፤ የሚያስመታውም ነገር የለም። ቀለመወርቅ ግን ስድስት ሰዓት ሲሆን እጁን በሳሙና ታጥቦ ጋራዡን ዘጋ። ዳገቱን ወጥቶ በቤተ ክርስቲያኗ ደጃፍ፣ ቆርቆሮው ሥር፣ ከሌሎቹ ጋር ተጠጋግቶ ቆመ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የካህኑ ዜማ ይመጣና ይሄዳል። እስከ መጨረሻው ቆሞ «እትዉ በሰላም» ሲባል ወጣ። ያን ቀን ወደ ግንዷ አላየም። ለምን እንደመጣም ራሱን አልጠየቀም።

ሰሞነ ሕማማት ሳይገባ ንስሐ ገባ። ካህኑ በትዕግሥት ሰሙት። ስለ ግንዷ፣ ስለ ፀሐዩና ጥላው፣ ስለተሳለሙት ሴቶች፣ ሚኒባስ ውስጥ ስለዋሸው ክራር ሁሉ ተናገረ።

«ከግንዷ ሌላስ ልጄ?»

«አባ፣ ከግንዷ ሌላ ጊዜም አላገኘሁ።»

ካህኑ በመስቀላቸው አፋቸውን ከለል አደረጉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ለስቅለት ከሌላው ሰው ስግደት ላይ አርባ አንድ ጨመሩለት።

የስቅለት ዕለት ግቢው በነጭ ልብስ ተሞላ። ቀለመወርቅ ቦታ ያገኘው ከግንዷ አሥር እርምጃ ርቆ ነበር። ያን ሳምንት እሱም አቶ ጉተማም በስግደትና በጸሎት ተጠምደው ግንዷን የገፋት የለም፤ ግማሽ አካሏ ፀሐይ፣ ግማሽ አካሏ ጥላ ላይ ቀርታለች። ስድስት ሰዓት ሆነ። «ኪርያላይሶን» እየተባለ ሕዝቡ ይወድቃል፣ ይነሣል። ቀለመወርቅ ግንባሩ መሬት ላይ እንዳለ፣

ጧ!

አንዲት እናት «እግዚኦ!» ብለው ጮኹ። ቀለመወርቅ ድምፁን አወቀው። ሃምሳ ቀን ገደማ የጠበቀው ድምፅ ነው። ቀና ሳይል አንገቱን ወደ ጎን ሲያዞር ከአጠገቡ ያለው ረድፍ ላይ አቶ ጉተማም እንደ እሱ ግንባራቸውን መሬት አድርገው፣ አንገታቸውን አዙረው አገኛቸው። ሁለቱ ሰዎች መሬት ላይ ተያዩ።

«ይቁጠሩ፣ ይቁጠሩ» አሉ አቶ ጉተማ በሹክሹክታ። «አይሄድም።»

ቀለመወርቅ ሃያ ስድስተኛው ላይ ነበር። ተነሣ፤ ሃያ ሰባት ብሎ ወደቀ። አንድም ሳይዘል ጨረሰ።

ስግደቱ ሲያበቃ አባ ቅልጥም ሣሩ ላይ ተጋድሞ ነበር። ግንዷ አልተተረተረችም፤ ቢላዋው ከነበረበት ቦታ ጀምሮ ጸጉር የምታህል ስንጥቅ ብቻ ሮጣባታለች። አቶ ጉተማ አንሥተው ሰጡት።

«ስለቷ ግንዷ ናት። እሱ እንግዳ ነበር» አሉ።

የችሎቱ ነገር ያሳሰባቸው ጋሽ ሰይፈሥላሴ ጉልላትን አስከትለው እዚያው መጥተው ሰግደው ነበርና ጉልበታቸውን እያሻሹ ቀረቡ።

«ቢላዋው ወጥቷል። ችሎቱ ተከፍቷል። ሁለት ምት ይቀርሃል። ዛሬ የምትመታበት ቀን አይደለም፤ ፈቃደኝነትህን ግን ለመዝገብ ተናገር። ነገ ጧት ትመታለህ?»

ቀለመወርቅ ግንዷን አያት። እስከ ግማሿ ተቆርጣለች፣ ደርቃለች፣ ተሰንጥቃለች። ሁለት ምት አያስፈልጋትም፤ አንድ ይበቃታል። ልጅም ቢመታት ለሁለት ትሆናለች። አጥንቱም፣ ክቡም፣ በመስኮት የሚያዩት ሴቶችም የእሱ ይሆናሉ። አቶ ጉተማ ዱላቸውን ከግራ እጃቸው ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩ።

«አልመታትም።»

«ካልመታህ ተረትተሃል።»

«ተረታሁ። ጉልላት ይቁረጥ። ቢላዋውንም ይውሰድ፤ በሱ ይቁረጥ።»

ይህን ቀን ዓመት ሙሉ የጠበቀው ጉልላት ደስታውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

«ትንሽ እንኳ አትከራከርም?» አለ።

«ምን ልከራከር?»

«እኔ እንጃ፤ ተሳደብ እንጂ!» ጉልላት ግንዷን በእግሩ ሳይሆን በእጁ ዳሰሳት፤ የተቆረጠውን ቦታ በጣቱ ለካ። «አቶ ጉተማ፣ ማገሩ እዚህ ጋ ይገባል። ቁስሉን ቦይ አድርጌ እጠርበዋለሁ፤ ማንም አያውቀውም። አናጢ አትፈልጉ፣ እኔ እመጣለሁ።»

የፋሲካ ጧት በሬው ታርዶ፣ ቆዳው ተገፍፎ፣ ኬሻው ላይ ቅጠል ተነጠፈ። ጉልላት አባ ቅልጥምን ይዞ ወጣ። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል። ኪሱ ውስጥ ሜትር አለ። ሜትሩን ዘርግቶ የበሬውን ጭን ለካ፤ በእርሳሱ ምልክት አደረገ። እርሳሱ ሥጋ ላይ አልጽፍ ሲለው በምራቁ አራሰው።

የቀለመወርቅ ሥራ የበሬውን እግር መያዝ ነበር። አንደኛው ምት ወረደ። ከምልክቱ አንድ ጣት ራቀ። ሁለተኛው ከዚያኛው ወገን ሆነ። ቀለመወርቅ ጥርሱን ነከሰ። ሦስተኛው ሲነሣ ግን አሥራ አንድ ዓመት የተጠራቀመ ነገር አፉን ከፍቶ ወጣ።

«ከመገጣጠሚያው!»

«ምን?»

«አጥንቱ ምን ያደርግልሃል? ከመገጣጠሚያው ግባ፣ ጅማቱን ፈልግ! አይ፣ ወደ ታች! የቁም ሣጥን በር መሰለህ እንዴ? ክንድህን አላላ! አሁን ምታ! አይ፣ አይ፣ አሁን አይደለም... አሁን!»

ጉልላት መታ። አጥንቱ ተላቀቀ፤ ሰዉ «እሰይ!» አለ። ወደ ጎድን ሄዱ። ጎድኑም ላይ እንዲሁ ሆነ። ሻኛው ከመውረዱ በፊት የሰፈሩ ሰው ዓይን ከሚቆርጠው ይልቅ ወደሚጮኸው ዞሮ ነበር። ቀለመወርቅ የያዘውን እግር ለቆ በበሬው ዙሪያ ይዞራል፣ ይጠቁማል፣ ይቆጣል፣ ይመርቃል። አንድም ስብርባሪ አልተበተነም። ጉልላት በስተመጨረሻ ላብ ግንባሩን ሞልቶት ቢላዋውን ኬሻው ላይ አስቀመጠ።

«ጋሽ ሰይፉ! እኔ በቃኝ! ከርሞ አጥንቱንም ቢላዋውንም ለዚህ ሰውዬ መልሱለት። ጥርሴን በልቶ አልጠግብ ብሎ አሁን ጆሮዬን አደነቆረው። እኔ ሥጋዬን ብቻ ስጡኝ!»

«እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰው ቃል አይወሰንም» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ፣ ቁርጣቸውን በአዋዜ እያጠቀሱ። «ድምፅ ይሰጥበት። ከርሞ ቀለመወርቅ ይቁረጥ የምትሉ እጃችሁን አንሡ።»

አሥራ አምስት እጅ፣ በጣቶቹ መሐል አንዳንድ ቁራጭ ጥሬ ሥጋ እንደያዘ፣ ወደ ላይ ወጣ። ማንም መናገር አልቻለም፤ የሁሉም አፍ ሞልቷል። አሥራ ስድስተኛውም እጅ ወጣ።

«ለራስ ድምፅ መስጠት አይፈቀድም» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ።

ቀለመወርቅ እጁን አወረደና ሥጋውን ጎረሰ።